አቻ ያጣው ደጀን

በደብረ ብርሃን ገበያ በቅሎ መግዛት የፈለገ ሰው ገንዘቡን ከመፍታቱ በፊት እኔን ይፈልጋል። ሻጩ ይምላል፣ ገዢው ያቅማማል፤ እኔ ደግሞ ጥርሷን ገልጬ፣ ኮቴዋን አንስቼ፣ አቀበት አስወጥቼ ቁልቁለት አስወርጄ ሳበቃ ያለባትን እናገራለሁ። ያላትን ማንም ያየዋል፤ ሻጩ ራሱ ሲለፍፍ ይውላል። ሙያው ያለባትን ማየት ነው። አንዳች ጉድለት የሌለባት በቅሎ አመጣሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ወይ ሰርቀሃታል ወይ ገና አልጋለብሃትም እለዋለሁ። ይህ አመሌ ብዙ ሰው አስቀይሞብኛል። ሚስቴ ንጋቷ እንኳ፣ ምነው አበባው የሰው ደግ ደጉ አይታይህም ትለኛለች። ይታየኛል። ግን እሱን ለማየት የእኔ ዓይን አያስፈልግም።

የገና ጨዋታ አጣማሪ ያደረጉኝም በዚሁ አመሌ ነው። በእኛ ሜዳ ቡድን የሚለየው በሰፈር ወይም በዘመድ አይደለም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል እኩያ ከእኩያው ይጣመራል። የተጣመሩት ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፈንጠር ይሉና አንድ ሸማ ተከናንበው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው በሹክሹክታ የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ "ገደል" ከተባለ ሌላው "ሜዳ" ይሆናል። ከዚያ ሁለቱ የቡድን አባቶች ፊት ቀርበው "ገደል ወይስ ሜዳ?" ብለው ይጠይቃሉ። ባለተራው አባት የጠራው ስም ባለቤት ለእሱ ይሆናል፣ ሌላው ለተቃራኒው። እንዲህ ስለሆነ አንዱ ወገን ጉልበተኛውን ሁሉ ሰብስቦ በሌላው ሊጫወትበት አይችልም፤ አቻህ ሁልጊዜ ፊት ለፊትህ ይቆማል። ማን ለማን አቻ እንደሆነ መዝኖ የሚፈርደው አጣማሪው ነው። አቻ ያልተገኘለት ሰው በታኅሣሥ ወር ሙሉ በሚደረገው ማሟሻ ጨዋታ እንዳሻው ይሮጣል እንጂ በገናው ዕለት ዱላውን ታቅፎ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው።

በዚያ ዘመን በሜዳችን አንድ ደጀን ነበረ፤ ደጀን የምንለው ከሁሉ ኋላ ቆሞ እሩሯ፣ በዱላ የምንመታት ድቡልቡሏ ኳስ፣ ድንበሩን እንዳታልፍ የሚከላከለውን ሰው ነው። ስሙ ይሁኔ ይባላል። ብረት ቀጥቃጭ ነው። የሀገሩ ማረሻ፣ ማጭድና ልጓም ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ሰዉ ማረሻውን እያሠራ ይጠቀምበታል፣ ልጁን ግን ከፊቱ ይሸሽጋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላላ።

ከእኔ በፊት አጣማሪ የነበሩት አያ ወልደአረጋይ በየዓመቱ ገና ይሁኔ ላይ ሲደርሱ፣ "ይሁኔማ አቻ የለውም" ይሉ ነበር። ሕዝቡም እውነት ነው፣ አቻ የለውም እያለ ያጨበጭብለታል። ይሁኔ እየተጨበጨበለት ይሄድና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ምስጋና አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በገበያ ስውል የውሸት ዓይነት ሰምቻለሁ፤ በምስጋና ጠቅልሎ ሰውን ደጅ የሚያስቀር ውሸት ግን እዚያ ሜዳ ላይ ነው የሰማሁት። ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ ነገሩ ሁሉ ሸማው ነበር። ከቀጥቃጭ ጋር አንድ ሸማ ውስጥ ማን ግንባሩን ይገጥማል?

አያ ወልደአረጋይ ደብረ ሊባኖስ ሄደው መነኮሱና ሹመቱ ለእኔ ደረሰ። ጊዜው ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ማዘንበል የጀመረበት ነበር። እጁ ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያው ይነጉዳል።

ታኅሣሥ እንደገባ የይሁኔ ሚስት እናትነሽ ቤቴ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች። እርጉዝ ናት። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ እዚሁ ከእሷ ቤት አጠገብ ይኖራሉ፣ ምግባቸውም ውሃቸውም እሷ ናት። ይሁኔ እንጦጦ ካልሄድሁ እያለ እንደሆነ ነገረችኝ። ምን ጎድሎት ነው ብላት ምንም አልጎደለበትም አለች። ሥራ ሞልቶለታል። የጎዳው ያ ድንጋይ ነው።

"ዘንድሮም ካስቀመጡት በጥምቀት ማግስት ወናፉን ይነቅላል" አለችኝ። "እናቴን ጥዬ መሄዴ ነው። እዚያስ ሲሄድ ምን ያገኛል? እዚያም ያለው ሰው ነው። እሱ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አብሮኝ ሸማ ይከናነብ ነው የሚለው።"

አቻውን ሳላገኝ ከማን ጋር ላጣምረው አልኋት። አጣማሪ ሆኜ ብዋሽ እኔም እንደ ቀደሙት መሆኔ ነው።

"አቻማ አይጠፋም" አለች። "ሰው እኮ ነው አያ አበባው። ጉድለት አለበት። ሚስቱ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ።"

ጉድለቱን ጠየቅኋት። ግትር ነው፣ ጨው አይበቃውም፣ ሲናደድ እንደ ሰው አይጮህም፣ ዝም ይላል አለችኝ። ለጨዋታው የሚረባ ነገር አላገኘሁበትም። ግን ከሄደች በኋላ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እውነቷን ነው። ጉድለት ያለበት ሁሉ አቻ አለው። ለይሁኔ እስከ ዛሬ ጉድለት የፈለገለት ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ በማይኖርበት ከሰዓት ሁሉ ሜዳው ዳር ካለው ካብ ላይ ተቀምጬ እሱን ብቻ ማየት ያዝሁ። ሜዳው ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በታች የተዘረጋው ነው፤ በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ አቃጥሎት ከእግር ስር ይንኮሻኮሻል። ይሁኔ ቀኝ እግሩን ተክሎ ይቆማል። አይቸኩልም። ሌላው ደጀን የአጥቂውን ዱላ ሲያይ ይታለላል፤ ይሁኔ የሚያየው የሰውየውን ወገብ ነው፣ ወገብ ደግሞ አይዋሽም። ክንዱ መዶሻ የለመደ ስለሆነ እሩሯን አንዴ ካገኛት እስከ ጅረቱ ይሰዳታል። ቢመቱት አያኮርፍም፣ እሱም ሰው አይማታም። ይህ ሁሉ ያለው ነው።

ያለበትን ፍለጋ ግን ዓይኔ ባከነ። ማንም አያልፈውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይ ሰነበትሁና የተሳሳትሁት ምን ላይ እንደሆነ ገባኝ። ይሁኔን ብቻ ሳይ የሚመጡበትን ሰዎች ረስቼ ነበር። አጥቂ ሁሉ እሩሯን እየነዳ፣ እየፎከረ ይመጣል፤ ይሁኔ አጠገብ ሊደርስ ሲል አንገቱን ይሰብራል። ከዚያ ወይ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ ወይ እሩሯን ለሌላ ይሰዳል፣ ወይ በገዛ እግሩ ተጠልፎ ይወድቃል። ዓይኑን ላለማየት ነው። ሰዎቹ የሚገጥሙት ከደጀን ጋር ሳይሆን ከቡዳ ጋር ነበር። ይሁኔም ነገሩን አውቆታል፤ አንዳንዴ ሰው ሲመጣበት ሆነ ብሎ ሲያፈጥጥ ካብ ላይ ሆኜ አየሁት። ካልቀረልኝ ልጠቀምበት ያለ ይመስላል። አልፈርድበትም።

እኔ ግን ተናደድሁ። ያለው ነው ብዬ ከቆጠርሁት እኩሌታው የእሱ አልነበረማ። የሌሎቹ ፍርሃት ነው። ያልተጋለበች በቅሎ አምጥተው ጋላቢ የላትም እያሉ ሲያሞግሷት እንደ መስማት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ደግ ሰው ሆኜ አይምሰላችሁ። ያልተመዘነ ነገር ተመዘነ ሲባል መስማት አልችልም፣ ያ ነው።

በሜዳው ላይ ከሁሉ ፈጣኑ አጥቂ የቄሱ ልጅ ወልደተንሣኤ ነበር። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ አፉ ከእግሩ የሚቀድም ጎረምሳ። እስቲ አንድ ጊዜ ሳትጠመዘዝ ቀጥ ብለህ ይሁኔ ላይ ሂድበት አልሁት። ሳቀብኝ። መጠምዘዝ ብልሃት ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም አለኝ። ይህን ሲል እጁ አንገቱ ላይ ያለውን ክታብ ይነካካል። እናቱ ለታኅሣሥ ብለው አዲስ እንዳሠሩለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ የድሮ ዱላዬን ከቆጥ አወረድሁ። ንጋቷ የት ነው ስትለኝ በቅሎ ልሞክር ነው አልኋት። ጉልበቴን ድሮ አንዲት በቅሎ ረግጣኝ ከዚያ ወዲህ ስሮጥ እንደ ዶሮ ነው የምዘልለው፤ ሜዳው ላይ ሲያዩኝ ጎረምሶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሩሯን ተቀብዬ ወደ ይሁኔ ስዞር እሱም ግራ ገባው።

"አያ አበባው፣ ጉልበትዎ" አለኝ።

"ስለ ጉልበቴ ማን ጠየቀህ? መጣሁብህ።"

ሄድሁበት። አጠገቡ ስደርስ እኔም አንገቴን ሰበርሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ፈራሁ። እናቴ በልጅነቴ ያሰረችልኝ ክታብ ዛሬም አንገቴ ላይ ነው። በራሴ በሽቄ ተመለስሁና እንደገና መጣሁበት፤ አሁን ግን ፊት ለፊት አየሁት። ዓይኑ ቀይ ነው። ጭስ ያቀላው፣ ነፋስ እንባ ያቀረረበት ዓይን። ንጋቷም ያልደረቀ እንጨት ስታነድ እንዲሁ ናት። ሌላ ምንም የለበትም። እሱን ሳይ እሩሯን ከስሬ ወስዶ ጅረቱ ውስጥ ጣላት።

በሦስተኛው ግን ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። በቅሎ ስመዝን በቀኝም በግራም አዞራታለሁ። በቀኙ የሄድሁ አስመስዬ እሩሯን በግራው ገፋኋት። ይሁኔ ሊዞር ሲል ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። መዶሻ ሲያነሣ ዘመኑን ሁሉ ክብደቱን ቀኙ ላይ ጥሎ የኖረ ሰው ነው፤ ሜዳም ላይ ማንም በግራው መጥቶበት አያውቅ። ተጠላልፎ በወገቡ ተቀመጠ። እኔ በዚያ የዶሮ ዝላዬ አልፌው እሩሯን ከድንበሩ አሳለፍኋት።

ይሁኔ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ያየኝ ጀመር። ከዚያ ሳቀ። ይሁኔ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው።

"አለፉኝ" አለ። "በየት በኩል ነው ያለፉኝ?"

"በግራህ። ግራህ ሰነፍ ነው።"

ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ፣ "እንደገና ይምጡብኝ" አለኝ። ጉልበቴ እሳት ሆኖ ነበር፤ እምቢ ማለት ግን አልቻልሁም። እስኪመሽ ተመላለስሁበት። ያን ማታ ንጋቷ ጉልበቴን በቅቤ እያሸች፣ በቅሎዋ ራሷ ጣለችህ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ እኔ ነኝ የጣልኋት አልኋት።

ከሜዳው ከመውረዴ በፊት ግን በገበያ እንደማደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ ይሁኔ ያለበትን ለሰዉ ሁሉ ተናግሬ ነበር። ግራው ሰነፍ ነው፣ አንዴ ከሳተ በኋላ ቶሎ አይመለስም፣ ስታፈጥጡበት እሱም ከወገባችሁ ዓይኑን ያነሣል አልኋቸው። ይሁኔ አጠገቤ ቆሞ ጉድለቱ ሲቆጠር እንደ ሙገሳ ይሰማ ነበር።

ወልደተንሣኤ ያን ሌሊት የተኛ አይመስለኝም። አንድ አንካሳ የበቅሎ ደላላ ያለፈውን ደጀን እሱ አላለፈውማ። በማግስቱ ጥርሱን ነክሶ ቀጥ ብሎ መጣ። ይሁኔ መለሰው። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ መለሰው። አንዴ በግራው አሳለፈና ሜዳውን በፉከራ ሞላው፤ ቀጥሎ ሲመጣ ይሁኔ ጠብቆ ዱላውን ከእጁ አስጣለው። የወልደተንሣኤንም ጉድለት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሊመታ ሲል አገጩን ወደ ላይ ያነሣል፤ አገጩን ያየ ሰው መቼ እንደሚመታ ያውቃል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ሁለቱ ሲጋጩ ከረሙ። እኔም ካቤ ላይ ሆኜ ስመዝናቸው ከረምሁ፤ አንዱ ከሌላው ቅንጣት አልበለጠም። ሆኖም ከጨዋታ በኋላ ወልደተንሣኤ ለብቻው ይሄዳል፣ ይሁኔም ለብቻው። ሜዳ ላይ መጋጨት ሌላ ነው፤ አንድ ሸማ ውስጥ መግባት ደግሞ ሌላ ነው።

ገና ደረሰ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ጾሙን እንደፈታ ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞላ። የቡድን አባቶቹ ወርቅአገኘሁና ገብረ ሕይወት ነበሩ፤ ሁለቱም ባለርስት፣ ሁለቱም መሸነፍ የማይወዱ። ማጣመር ጀመርሁ። ይሁኔ ማንም ሳይነግረው ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እናትነሽ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ አየኋት። የዚያን ዕለት እንዲህ ሆድ ይብሰኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሰው ከዓመት ዓመት በገዛ እግሩ ሄዶ መገለያው ላይ መቀመጥን ሲለምድ ማየት ያማል።

ሁሉንም አጣምሬ ጨረስሁና ወልደተንሣኤ ብቻውን ቀረ። ወርቅአገኘሁ እሱን ለራሱ ሊጠራው ሲቋምጥ ስለ ነበር፣ ከማን ጋር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከይሁኔ ጋር አልሁት።

ወርቅአገኘሁ ፈገግ ብሎ፣ ይሁኔማ አቻ የለውም አለ። ከኋላ ጭብጨባው ተጀመረ። ዱላዬን ወደ ላይ አነሣሁ።

"ሁለቱንም መዝኛቸዋለሁ" አልሁ። "እኩል ናቸው። ይሁኔ አቻ ከሌለው ወልደተንሣኤም የለውም። ሌላ ድንጋይ አምጡና ሁለቱም ይቀመጡ።"

ጭብጨባው ቆመ። ወርቅአገኘሁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ልጁን ከሌላ ሰው ጋር እንዳጣምረው በለሆሳስ ለመነኝ። እምቢ አልሁ። ሌላ አጣማሪ አናጣም አለኝ። አታጡም፣ ዛሬ ግን እኔ ነኝ አልሁት። የወልደተንሣኤ እናት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ልጃቸውን በስሙ ጠሩት። ልጁ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ፈሪ አልለውም፤ ከጡት ጋር የተጠባ ፍርሃት በአንድ ወር አይለቅም። እኔም እየፈራሁ ነበር፤ ዛሬ እምቢ ካለ ይሁኔ በጥምቀት ማግስት ወናፉን ነቅሎ መሄዱ ነው፣ ያቺ ሴትም ዓይነ ስውር እናቷን ጥላ መከተሏ ነው።

ወልደተንሣኤ በመጨረሻ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ይሁኔ ልጁ ሲመጣበት ራሱን አቀረቀረ፤ ዓይኑ እንዳያርፍበት ብሎ ነው። ይህን ሲያይ የልጁ ፊት ተለወጠ።

"ቀና በል" አለው። "ሜዳ ላይ ስታፈጥጥብኝ ከርመህ አሁን ምን ነክቶህ ነው?"

ይሁኔ ቀና አለ። ወልደተንሣኤ የራሱን ሸማ ከትከሻው አውርዶ የሁለቱም ራስ ላይ ጣለው። ከሴቶቹ ወገን አንድ ትንፋሽ ተሰማ። ሌሎቹ ስም ለማውጣት ሹክ ብለው ወዲያው ነው የሚወጡት፤ እነዚህ ግን ቆዩ። ሸማው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዳች ነገር ሆነ ብዬ ልነሣ ስል ሳቅ ሰማሁ። ሁለቱም እየሳቁ ነበር።

እጅ ለእጅ ተያይዘው የቡድን አባቶቹ ፊት ቀረቡ። "ወናፍ ወይስ ጽና?" አለ ወልደተንሣኤ።

ተራው የወርቅአገኘሁ ነው። ቀጥቃጭ እሳት የሚያናፋበት ወናፍ ማን እንደሆነ፣ ቄስ የሚያጥንበት ጽናም ማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል ብሎ ደስ አለውና ጽና ብሎ ጠራ። ይሁኔ ሄዶ ጎኑ ቆመ። ለካ ስማቸውን ተለዋውጠዋል። የቄሱ ልጅ ወናፍ ነኝ ብሎ እየሳቀ ወደ ገብረ ሕይወት ሲሄድ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የቡድን አባት አንዴ የጠራውን ስም አይመልስም፤ ወርቅአገኘሁ ከንፈሩን ነከሰ።

ጨዋታውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ይሁኔ ቀን ሙሉ ቆመ። አሁን የሚመጡበት ሁሉ ቀጥ ብለው ነው የመጡት፤ የቄሱ ልጅ ሸማ ውስጥ ገብቶ በሕይወት ሲወጣ አይተውታላ። መለሳቸው። ወርቅአገኘሁ ሳይታወቀው፣ የእኔ ደጀን እያለ መጮህ ጀመረ። አንድ ጊዜ ይሁኔ የሰደዳት እሩር የገብረ ሕይወትን ቅልጥም አገኘችው፤ ባለርስቱ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አለ፣ ፊቱ ግን በጣም ተቆጥቶ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወልደተንሣኤ መጣ። አገጩን ይዞ፣ አንገቱን አቀርቅሮ መጣ፤ ጉድለቱን አርሞታል። በቀኙ አሳየው፣ በግራው አለፈው። እሩሯ ድንበሩን አለፈች። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ እነ ገብረ ሕይወት ረቱ።

በሀገራችን የረታ የተረታውን እየዞረ በግጥም ይሳደባል። ለምን ተሰደብሁ ብሎ ቂም መያዝ የለም። ማንንም አይምሩም፤ አንዱን በአፍንጫው፣ አንዱን በስስቱ፣ አንዱን በሚስቱ ዱላ ይሰድቡታል። ገጣሚዎቹ ዱላቸውን እያወዛወዙ ወደ ይሁኔ ሲጠጉ እናትነሽ አጠገቤ ነበረች። ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ለቀጥቃጭ ቤት የተዘጋጀው ስድብ ምን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ እኔም አውቀዋለሁ። ወልደተንሣኤ ፊት ፊት ሆኖ አወጣው፣ ሕዝቡ ተቀበለው።

የይሁኔ ቀኝ እግር ዘበኛ ነው ነቅቶ፣
ግራው ያንኮራፋል በሩን ከፍቶ ትቶ።

ደጋገሙት። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሕፃናቱ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ይሁኔን እየዞሩ አስመሰሉት። እናትነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

"እግሩን ነው የሰደቡት?" አለችኝ።

"እግሩን ነው" አልኋት።

"ሌላ አላሉም?"

"ሌላ አላሉም።"

ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋ ወረደ፤ ሁለቱንም ለማቆም አልሞከረችም። እኔም ብሆን ነፋሱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ይሁኔ ከግርግሩ መካከል ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ተናዷል። እሷ እንዳለችው ሲናደድ ዝም የሚል ሰው ነው፤ የዚያን ዕለት ግን እንደ ማንኛውም የተረታ ሰው ይጮህ ነበር። ወርቅአገኘሁ መሀሉን ክፍት እንደተወበት፣ ፀሐይዋ ዓይኑ ላይ እንደነበረች፣ ሣሩ እንዳንሸራተተው፣ የማይለው ነገር የለም። ጉድለቱን ሁሉ በሰው ላይ አላከከ። በመጨረሻ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ወልደተንሣኤ ዞረ።

"ይዝፈን ግድ የለም" አለ። "ይህን ግራዬን ለከርሞ ያገኘዋል።"

እናትነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ለከርሞ ነው ያለው። ነጠላዋን አጣፋችና ለእናቷ ልትነግር ወደ ቤት ሄደች።